«ጀስት ኪዲንግ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ ስለ ቀልድና ሳቅ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ሁላችንም «ጆክ»፣ «ፈን» እንላለን፤ ቃላቱ ከየት መጡ ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም።

በ«ሂዩመር» ልጀምር። ዛሬ ቀልድ አዋቂነት፣ ተጫዋችነት ማለት ነው። ድሮ ግን ፈሳሽ ማለት ነበር! የጥንት የግሪክና የሮም ሐኪሞች በሰው ሰውነት ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ ይሉ ነበር፤ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። የሰው ጠባይ የሚወሰነው ከነዚህ በበዛው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሳይንስ ይህን አልተቀበለውም፤ ቃሉ ግን ከፈሳሽ ወደ ጠባይ፣ ከጠባይ ወደ ቀልድ ተሸጋግሮ ቀረ። እኛስ የፈራ ሰው ስናይ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንል የለ?

«ፈን» ደግሞ መጀመሪያ ማታለል ማለት ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ፈን»ን ዝቅ ያለ ተራ ቃል ነው ብሎ ንቆታል። አሁን ቲቸሮቻችን ራሳቸው «ሃቭ ፈን» ይሉናል።

«ሜሪ»ን ከገና ካርድ ላይ ታውቁታላችሁ። የቃላት አጥኚዎች «አጭር» ከሚል ጥንታዊ ቃል ጋር ያያይዙታል። እውነትም የዕረፍት ሰዓት መቼ ረዝሞ ያውቃል?

እኔ በጣም የገረመኝ «ቲዝ» ነው። ማብሸቅ፣ መተረብ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን የበግ ፀጉር ለፈትል እንዲመች መለያየትና ማፍታታት ነበር። እስቲ አማርኛችንን ተመልከቱ፤ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፣ ንብም ትነድፋለች። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የፈትልን ሥራና ሰውን የሚያም ነገር በአንድ ቃል ጠሩት።

«ኪድ» የፍየል ግልገል ነው፤ በኋላ ሕፃን ልጅም በዚሁ ተጠራ። «ኪዲንግ» የመጣው ሰውን እንደ ሕፃን ከማሞኘት እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ «ጀስት ኪዲንግ» የሚላችሁ ልጅ ሳያውቀው ምን እያላችሁ እንደሆነ አስቡት።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በክፍላችን አንዲት ልጅ እንግሊዝኛ ስታነብ አነጋገሯን እያስመሰሉ የሚያሾፉባት አሉ። ፊቷ ሲለዋወጥ «ጀስት ኪዲንግ!» ይሏታል። አሁን እጇን ማውጣት ትታለች። እንግሊዝኛ «ላፍ ዊዝ» እና «ላፍ አት» ብሎ ይለያል፤ እኛም «አብሯት ሳቀ» እና «ሳቀባት» እንላለን።

ልጅቷ ቀልድ የማትወድ እንዳትመስላችሁ። ዶሮና ድመት ሲጣሉ እያስመሰለች ስታሳየን ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። ባለፈው ሳምንት የመግቢያ ደወል ሲደወል ገና ድመቷ አልተሸነፈችም ነበር።