የኪራይ መጽሐፍ፣ የሰፈር ቴሌቪዥንና የቤት ጭኮ

የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ተማሪ ሆናችሁ ለእረፍት ቤት ስትሄዱ የሚገጥማችሁን ታውቁታላችሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ እኔን እዪኝ፤ ምን በሽታ ይታይብኛል?» ይላል። አይፈረድባቸውም። እኛም ብንሆን አብዝተን የምንማረው ስለ ድብርት፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ሱስ ነው። ሰው እንዴት እንደሚታመም በየሴሚስተሩ እንፈተናለን፤ ሰው ቅዳሜ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ፣ አንድ ልብ ወለድ ይዞ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ለምን ደስ እንደሚለው ግን እስካሁን ማንም ጠይቆን አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ንባብ፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ቤት እንስሳትና ከሁሉም በላይ ስለ ቤት ምግብ፣ ጥናቶች ያሉትንና እኔ ያየሁትን አንድ ላይ አቀርባለሁ። ርዕሱ የእረፍት ሰዓት ወሬ ሊመስል ይችላል። ዶርማችን ውስጥ አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጥላ ልትሄድ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ካየሁ በኋላ ግን ለእኔ ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

መነሻ የሚሆነን አንድ ክፉ ዜና ነው። ብሪክማንና ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው ለሚያስደስተው ነገር ቶሎ እንደሚለመድ አስረዱ። ኋላ ላይ ሐሳቡ በጂም ቤት የመሮጫ ማሽን ተመሰለ፤ ትሮጣለህ፣ ያልብሃል፣ ግን እዚያው ነህ። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በመሐረብ እየጠረገ ይይዘዋል። በሦስተኛው ወር አልጋ ላይ ይወረውረዋል። ስልኩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ሰውዬው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሁሉም የሚለመድ ከሆነ አንዳንድ ትናንሽ ደስታዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይለመዱ እንዴት ይቆያሉ የሚለው ነው። እኔን ያሳመነኝ መልስ መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኔልሰን፣ ሜይቪስና ጋላክ የተባሉ አጥኚዎች ለተወሰኑ ሰዎች አንድ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ በማስታወቂያ እየተቆራረጠ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ሳይቆራረጥ አሳዩ። ቀድመው ግምት የተጠየቁ ሰዎች «ማስታወቂያ የሌለው ይሻላል» ብለው ነበር፤ ማን ይጠላል! ውጤቱ ግን ተገልብጦ ተገኘ፤ ይበልጥ የተደሰቱት እየተቆራረጠ ያዩት ነበሩ። ማስታወቂያው ራሱ አስደስቷቸው አይደለም። መልመድ ሲጀምሩ ስላቋረጣቸው፣ ሲመለሱ ድራማው እንደገና አዲስ ሆነላቸው።

እኛ አገር ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሃምሳ አምስት ቀን ሁዳዴን የጾመ ሰው የፋሲካ ለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የሚቀምሰውን ዶሮ ወጥ ያውቀዋል። ረመዳንን የያዘ ሰውም አፍጥር ላይ የመጀመሪያዋን ቴምር ያውቃታል። ጾም ለምግብ ጣዕም ሲባል የተሠራ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል አያቴ ራሷ ትገሥጸኛለች። ከጎኑ የሚያመጣውን ነገር ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩዋድባክና ደን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ከቸኮላት አስጾሟቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ የጾሙት፣ እንደልባቸው ሲበሉ ከሰነበቱት ይልቅ ቸኮላቱን አጣጥመው በሉት።

ወደ ንባብ ልለፍ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ታላቅ እህቴ መጽሐፍ ትከራይ ነበር። ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው መጻሕፍታቸውን ይደረድራሉ። መያዣ ታስቀምጣለህ፣ በቀን አንድ ብር ትከፍላለህ፣ ካዘገየህ ሒሳቡ ይቆጥራል። ስለዚህ እህቴ የምታነበው እንደ እሽቅድምድም ነበር፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ወጥ እያማሰለች በአንድ እጇ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ አንዳንዴም የመጨረሻዋ ቅጠል የተገነጠለች ነው። ያን ጊዜ መጨረሻውን ለማወቅ ያነበበ ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር መዞር ነው። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ጨርሳ ለሁለት ቀን ካምፓስ ያለች ይመስል በሐሳብ ስትሄድ አስታውሳለሁ። ካምፓስ የሚባል ነገር በዓይኗም አላየችም ነበር። ግሪንና ብሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን በታሪክ ውስጥ የመወሰድ ሁኔታ በመጠይቅ ለመለካት ሞክረዋል። በእኛ ቋንቋ መመሰጥ የምንለው ማለት ነው።

መቋረጡ በሬዲዮም ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው ያወቀው በማንበብ ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በመስማት ነው። የዛሬው ክፍል ያበቃና ቀጣዩ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ በመሀል ያለው ጊዜ ባዶ አልነበረም፣ ሰው «ምን ትሆን ይሆን?» እያለ ይከራከርበታል። አባቴ ዛሬም ጉዱ ካሣን የሚያነሣው የወጋየሁን ድምፅ አስመስሎ ነው። አሁን ግን የብዙዎቻችን ስልክ ከቴሌግራም በወረደ መጽሐፍ ተሞልቷል፤ የመመለሻ ቀን የለው፣ የሚጠብቅ ሽማግሌ የለው፣ ሳይነበብ ይኖራል። (በነገራችን ላይ ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን ተደርጎ የተለቀቀ መጽሐፍ የደራሲውን እንጀራ መቀማት ነው። ጋሼስ ቢያንስ መጽሐፉን ገዝተው ነበር የሚያከራዩት።)

የቴሌቪዥኑ ነገር ትንሽ ይለያል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገሩ ሁሉ የሚያየው አንድ እሱን ነበር። እናቴ እንደምትነግረኝ በልጅነቷ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በር ላይ እግሩን ታጥቦ፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ፣ ቤተሰቡ እንዳይቆጣ ትንፋሹን ውጦ የአባባ ተስፋዬን ተረት ይጠብቃል። ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እናቴ ያለቀሰችው የራሷ አያት የሞተባት ያህል ነው፤ እሳቸው እኮ እናቴን አያውቋትም! ሆርተንና ዎል የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን በስክሪን ላይ ካለ ሰው ጋር የሚፈጠር የአንድ ወገን ዝምድና ገልጸውት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማሳየት ሲጀምር የኢስታንቡሉ ቤተሰብ የሰፈራችን ቤተሰብ የሆነውም ለዚሁ ነው። ቡና ላይ ሴቶቹ ሁሉ እነሱን ያማሉ።

እዚህ ላይ ከመቋረጥ ሌላ ሁለተኛ ነገር ይመጣል፤ አብሮ መሆን። ቡዝቢ፣ ክላርክና ባርግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች ቸኮላት የቀመሱት አንዴ አጠገባቸው ያለው ሰው አብሯቸው ሲቀምስ፣ አንዴ ደግሞ ሰውዬው ሌላ ነገር ሲሠራ ነው። አይነጋገሩም። ያም ሆኖ አብረው ሲቀምሱ ቸኮላቱ ይበልጥ ጣፈጣቸው። መራራ ቸኮላት ሲሰጣቸው ደግሞ አብረው ሲቀምሱ ይበልጥ መረራቸው። ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ አርሴናል የሚጫወት ቀን ካምፓሳችን ኳስ ማሳያ አዳራሽ ይግባ። ጎሉን በስልክ ማየት ይቻላል፤ ግን ያ ጎል ይሄኛው አይደለም። ሽንፈቱም እንደዚያው።

ስለ እንስሳት ብዙ አልልም። በአብዛኛው ቤታችን ድመት ለአይጥ፣ ውሻ ለሌባ ነው የሚያዘው፤ «ለደስታ» ብሎ ውሻ ያሳደገ ሰው ሰፈር ውስጥ እንደ ቅንጡ ይታያል። ቢሆንም ሴሚስተር ጨርሳችሁ ስትመለሱ ከእናታችሁ ቀድሞ አጥር ላይ የሚሰቀለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ዘንድ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ እናትና ጨቅላን የሚያስተሳስረው ሆርሞን ነው። ሰው ያሳደጋቸው ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። እኛ ቤት ያለው ቡቺ ይባላል፤ ክትባቱን በየዓመቱ ይከተባል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ የነከሳችሁ ውሻ ቢኖር ቁስሉን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ።

ምግቡን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ብዙ የምለው ስላለኝ ነው። ናፍቆት በአውሮፓ በመጀመሪያ የገባው እንደ በሽታ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዝ የሕክምና ተማሪ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል ከግሪክኛ ገጣጥሞ ፈጠረው፤ ከአገራቸው ርቀው ለሚታመሙ ሰዎች የሰጠው ስም ነበር። የዶርማችን ልጅ ነገር ያን አስታወሰኝ። ከአሰላ አካባቢ የመጣች ፍሬሽ ናት። ሦስት ሳምንት ያህል ካፌ አትሄድም፣ ክፍል ስትገባ ኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እኛ አምስታችን ደግሞ ጆሯችን ላይ ኢርፎን ሰክተን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ስክሪን እናያለን። አንድ ቀን ዊዝድሮዋል ልትሞላ እንደሆነ ነገረችንና ሻንጣዋን አወረደች።

በዚያው ሳምንት እናቷ በአውቶቡስ ረዳት እጅ በኒዶ ጣሳ ጭኮ ላኩላት። ክዳኑ ሲከፈት ዶርሙ በሙሉ ቅቤ ቅቤ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተ። አለቀሰች። ከዚያ ጣሳውን መሀል ላይ አስቀምጣ «ቅመሱ እንጂ፤ ምን ታፈጣላችሁ?» አለችን። ስልኩን ሁሉም አስቀመጠው። ጭኮ አዳናት ልላችሁ አይደለም። የምክር አገልግሎት ቢሮ ሄዳለች፣ ሁለት ኮርስም ቀንሳለች። የዚያን ለት ማታ ግን ስለ እናቷ ገብስ አቆላል ስታወራ ድምፅዋን በትክክል የሰማነው ያኔ ነው፤ አሁንም አብራን ናት።

ሽታው ለምን እንዲህ ይሆናል? የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው በታላመስ በኩል አልፎ ነው። ሽታ ግን ይህን መንገድ ሳይጠብቅ ስሜትን ከሚመራው አሚግዳላና ከትዝታ ጋር ከተያያዘው የሂፖካምፐስ አካባቢ ጋር በቅርብ ይገናኛል። በመሆኑም ሽታው ስሙን ከማስታወሳችን በፊት ያስለቅሰናል። የተቆላ ገብስ ሽታ ራሱ ደግሞ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 እንደገለጸው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲገናኙ ይጠቁራሉ፤ ብዙ ዓይነት መዓዛም ይወጣቸዋል። ቡናውም፣ የእንጀራ ዳሩም፣ ቆሎውም በዚሁ ነው የሚሸተው።

አሠራሩን ብታዩት ጭኮ ለመንገድ የታሰበ ምግብ ነው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ይህ በሶ ነው። በውኃና በጨው ከተበጠበጠ የፈተና ሰሞን ቁርስ ይሆናል። በንጥር ቅቤ ከታሸ ደግሞ ጭኮ ነው። ዱቄቱ ደረቅ ነው፣ ቅቤውም ሲነጠር ውኃው ተንኗል። ስለዚህ ሻጋታና ባክቴሪያ የሚራቡበት ውኃ አያገኙም፤ ያለ ፍሪጅ ለብዙ ሳምንት ይቀመጣል። ነጋዴም ዘማችም ይዞት የሄደው ለዚህ ነው። ስንቅ የሚለው ቃላችን ራሱ ከቤት መራቅን ያዘለ ነው፤ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ስንቅ አይቋጠርለትም። ዛሬ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ የሚሄድ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር በሶ የሚጠቀጠቀውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ከስድስታችን ጭኮ መሥራት የሚችል አንድም ሰው የለም፤ የአሰላዋም ልጅ ሲሠራ አየች እንጂ አልሠራችም። በእረፍት ቤት ስሄድ እናቴን ልኩን ንገሪኝ ብያት ነበር። «ዱቄቱ ቅቤውን እስኪጠጣ ነዋ!» አለችኝ። ስንት ኪሎ ለስንት ኪሎ ብዬ ደገምኩላት። እጇን ዘርግታ «ይሄን ያህል» አለችኝ። ደብተሬ ላይ እሱኑ ጻፍኩት። በሚቀጥለው እረፍት እሷ በእጇ ስታፈስ እኔ ሥሩ ኩባያ ይዤ እሰፍራለሁ፤ አሁን ያለን ሚዛን የእሷ እጅ ብቻ ነው።