ቁርጥማት የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም፦ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕክምና በጅማና በዙሪያዋ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ጣት ቢያብጥም፣ ጉልበት ቢከዳም፣ ወገብ አላጎነብስ ቢልም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በአንድ ስም፣ «ቁርጥማት» ተብሎ ነው። በዚህ ስም ሥር ግን መነሻቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ በሽታዎች ይገኛሉ፤ በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት፣ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚነሣው ሪህ፣ የልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ ልብን የሚጎዳው የቁርጥማት ትኩሳት ሁሉ በአንድ ላይ ይጠቃለላሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከእነዚህ የሚለየው የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የመገጣጠሚያን ስስ የውስጥ ሽፋን በማጥቃቱ ሲሆን፣ ብግነቱ ካልተገታ ልምአጥንትንና አጥንትን እየበላ ጣቶችን ያጣምማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከበሽታው ጋር የሚኖረውን ሕዝብ 18 ሚሊዮን ያህል አድርጎ የገመተ ሲሆን፣ ከእነዚህ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

በቡና አገር ይህ በሽታ በቀላሉ ከድካም ጋር ይምታታል። እሸት ቡና የሚለቀመው ፍሬው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየተያዘ፣ አንድ በአንድ እየተጠመዘዘ በመሆኑ፣ በለቀማ ወራት እጇን ያመማት ሴት ሕመሙን ከሥራው ብታያይዘው አይፈረድባትም። ልዩነቱ ግን ልብ ለሚል ሰው ግልጽ ነው፤ የሥራ ድካም ማታ በርትቶ በሌሊት ዕረፍት ሲቀል፣ የሩማቶይድ ሕመም የሚብሰው ጠዋት ነው፤ የሁለቱም እጆች የጣት ሥሮች፣ መካከለኛ አንጓዎችና አንጓ እጆች አብጠው እንደ እንጨት ይደርቃሉ፣ ጀበና አንሥቶ መቅዳት ያቅታል፣ ድርቀቱም የሚላቀቀው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከጥፍር ሥር ያለው የመጨረሻው አንጓ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለምርመራው የሚረዳው ሩማቶይድ ፋክተር የተባለው የደም ምርመራ በሳንባ ነቀርሳና በጉበት ቫይረስ ምክንያትም ሊገኝ ስለሚችል፣ ውጤቱ ብቻውን ፍርድ መስጫ ሊሆን አይገባም።

ሕመምተኞች ወደ ሐኪም ከመድረሳቸው በፊት ብዙ ደጅ ይጠናሉ፤ ወጌሻ ያሻቸዋል፣ በጅማ መንገድ ላይ ወዳለው የወሊሶ ፍል ውሃ የሚሄዱም አሉ። ሙቀቱ ሕመም ማስታገሡ እውነት ነው፤ በሽታውን ግን አያስቆምም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ሕመም ከማስታገሥ አያልፉም፤ ሲዘወተሩም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚያታልለው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅን ስለሚያፍታታ የተፈወሱ ያህል ይሰማል፣ ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል፣ ተኝቶ የቆየ የሳንባ ነቀርሳንም ይቀሰቅሳል። ተገቢ ቦታው ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ መሸጋገሪያ መሆን ነው።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። መጀመሪያ ለካንሰር ሕክምና የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይሁንታ ያገኘው ይህ ክኒን፣ የበሽታውን አካሄድ የሚገታ ከመሆኑም በላይ ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐኪም 10 ሚሊግራም ቢያዝ ሕመምተኛዋ ባለ 2.5 ሚሊግራሙን ክኒን አራቱን በአንድ ቀን ትወስዳለች፣ በሌላ ቀን ደግሞ ጉዳቱን የሚያቃልለውን ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች። በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ስለሚችል፣ የመድኃኒት ባለሙያው በአማርኛ «በሳምንት አንዴ» ብሎ መጻፉ አይበቃም፤ ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዋም «ቶርበኒቲ ሲአ ቶኮ» ብሎ ቀኑን፣ ለምሳሌ የገበያ ቀኗን፣ ከእርሷ ጋር መወሰን ይኖርበታል። ፅንስ ስለሚጎዳ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ በየጤና ተቋሙ በብዛት ከሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል ጋር ሲደረብ ደግሞ መቅኔ ደም ማምረት እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በመሆኑ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት መተው የተለመደ ጥፋት ነው።

ሜቶትሬክሴት ብቻውን ካልበቃ ሰልፋሳላዚንና ቀድሞ የወባ መድኃኒት የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይታከላሉ፤ የኋለኛው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። እንደ አዳሊሙማብ ያሉት በመርፌ የሚሰጡ ሥነ ሕይወታዊ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ቢገቡም፣ ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ከአቅም በላይ ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገርም ያለ ቅድመ ምርመራ ሊሰጡ አይገባም።

ስለዚህ በጅማ ዙሪያ የሚጎድለው ከአዲስ መድኃኒት ይልቅ በጊዜ መለየትና ያልተቋረጠ ክትትል ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 15 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ የሪፈራል ሆስፒታል ሲሆን፣ የመገጣጠሚያ በሽታዎች ልዩ ሐኪም ፍለጋ ግን ብዙውን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስን ይጠይቃል። ሜቶትሬክሴት የሚጠይቀው ክትትል ግን የደም ሕዋስና የጉበት ምርመራ በመሆኑ፣ የሠለጠነ ጠቅላላ ሐኪም በቅርብ ሆስፒታል ሊሠራው ይችላል። ወጪውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ አካባቢ ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ሆኖም መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲጠፋ የመድን አባሏ ከግል ፋርማሲ በራሷ ገንዘብ ለመግዛት ትገደዳለች፣ መግዛት ያልቻለችውም ታቋርጣለች።

መገጣጠሚያን ከጉዳት ለማዳን የተሻለው ጊዜ በሽታው ከጀመረ የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሁለት እጅ ጣቶቹ አብጠው ስድስት ሳምንት የሞላውና የጠዋት ድርቀቱ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ ሰው፣ ለቀማው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ።