«እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል»፦ የመረጃ ቋትን በላፕቶፕ ላይ ማስኬድ ለምን አስፈለገ?

በውጭ አገር የሚገኝ አንድ ዕድር የአባላቱን ስም በአማርኛ የሚመዘግብ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ባለሙያው በላፕቶፑ ሲሞክረው «አበበ» የሚለው ስም በትክክል ይቀመጣል። ድረ ገጹ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ለአባላቱ ሲከፈት ግን ስሙ «???» ይሆናል፤ አለዚያም ምዝገባው ተቀባይነት ያጣል። በኮዱ ውስጥ የተለወጠ አንድም ፊደል የለም።

ልዩነቱ የመረጃ ቋቱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት እስከ 5.7 እትሙ ድረስ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው «ላቲን 1» በተባለ የፊደል አመዘጋገብ ነበር። ይህም ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተበጀ በመሆኑ የግዕዝ ፊደላትን አያውቅም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 8.0 እትም ግን የዩኒኮድ ፊደላትን ሁሉ የሚቀበል አመዘጋገብን መነሻው አደረገ። ላፕቶፑ 8.0ን፣ ሰርቨሩ 5.7ን የሚያስኬዱ ከሆነ ሙከራው ስለ ሰርቨሩ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

በዛሬው ጊዜ ብቻውን የሚቆም ሶፍትዌር ጥቂት ነው። አብዛኛው የመረጃ ቋት፣ ለፈጣን ምላሽ መረጃን በሜሞሪ የሚይዝ እንደ ሬዲስ ያለ አገልግሎት፣ እንዲሁም ኢሜይል የሚልክ ሌላ አገልግሎት ይፈልጋል። እነዚህ «ደጋፊ አገልግሎቶች» ይባላሉ። ከሄሮኩ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው አዳም ዊጊንስ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ አሥራ ሁለት ነጥብ መመሪያ፣ ሶፍትዌሩ የሚሠራበትና ለተጠቃሚ የሚቀርብበት አካባቢ በተቻለ መጠን እንዲመሳሰሉ ይመክራል።

ብዙዎች ግን አቋራጩን ይመርጣሉ፤ ላፕቶፑ ላይ ቀላሉን ኤስኪውላይት፣ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስን ይጠቀማሉ። ለቁጥር በተመደበ ቦታ «አሥር» ተብሎ በፊደል ቢጻፍ ኤስኪውላይት በተለመደው አሠራሩ ዝም ብሎ ይቀበላል። ፖስትግሬስ ግን ይመልሰዋል። ስሕተቱም የሚታየው ተጠቃሚው ፊት ነው።

መፍትሔውን ያቀለለው በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ዶከር ነው። ዶከር አንድን አገልግሎት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር አሽጎ፣ «ኮንቴይነር» በሚባል የተከለለ ቦታ ያስኬደዋል። ባለሙያው የሚፈልጋቸውን አገልግሎቶች ከነእትም ቁጥራቸው በአንድ አጭር ፋይል ይዘረዝራል፤ በአንድ ትእዛዝም ሁሉም ይነሣሉ። አዲስ የሥራ ባልደረባ ሲመጣ ያንኑ ፋይል ተቀብሎ ተመሳሳይ አካባቢ ያገኛል። ጥቅሎቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ አገልግሎቶቹ ያለ ኢንተርኔት ስለሚነሡ፣ መስመር በሚቆራረጥበት አገር ላለ ባለሙያ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። በመጀመሪያ፣ በፋይሉ ውስጥ «የቅርብ ጊዜው» ከማለት ይልቅ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የእትም ቁጥር መጻፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ ኮንቴይነር ሲሰረዝ በውስጡ ያለው መረጃም አብሮ ይጠፋል፤ እንዲቆይ የሚፈለግ መረጃ «ቮልዩም» በሚባለው የተለየ ማከማቻ መቀመጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ዶከር ላይ ፖርት ሲከፈት፣ ካልተገደበ በቀር፣ በኔትወርኩ ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮችም ሊታይ ይችላል። ካፌ ውስጥ በጋራ ዋይፋይ የሚሠራ ሰው ፖርቱን 127.0.0.1 በተባለው የራሱ ኮምፒውተር አድራሻ ላይ ብቻ መክፈት ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነተኛ መረጃን ወደ ላፕቶፕ የመገልበጥ ልማድ ነው። የዕድሩ አባላት ስልክ ቁጥራቸውንና መዋጯቸውን የሰጡት ለማኅበራቸው እንጂ ለባለሙያው ላፕቶፕ አይደለም፤ ላፕቶፕ ደግሞ ይሰረቃል፣ ይጠፋል። ለሙከራ የፈጠራ ስሞች ይበቃሉ። ስሞቹ ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ይሁኑ፤ በላቲን ፊደል ብቻ የተሞከረ ድረ ገጽ፣ የአበበን ስም የሚያጠፋውን ስሕተት አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልምና።