ኤክስቴንሽን ስልክ ላይም ይሠራል

በሶፍትዌር ሥራ ላይ ስላለሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ማስታወቂያ የሚያግደው ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል፤ ስልኬ ላይ የት ሄደ?» ብዙዎች «ስልክ አይችልም» ብለው ደምድመዋል። ልክ አይደለም። ወሳኙ የምትጠቀሙበት ብራውዘር ነው።

የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ኮምፒውተራችሁ ላይ በምትጠቀሙበት አካውንት ብትገቡ የይለፍ ቃላችሁ ይመጣል፤ ኤክስቴንሽኑ ግን አይመጣም።

ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ ይቀበላል። ሠሪው ሞዚላ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በሩን ለአልሚዎች በሰፊው ከፍቷል። ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን በነጻ ይጫናል፤ ማስታወቂያው ከነጭራሹ ስለማይወርድ ዳታም ይቆጥባል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

አይፎን ላይ ሳፋሪ ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ ይቀበላል፤ የሚጫነው ከአፕ ስቶር ነው። የአይፎኑ ፋየርፎክስ ግን አይቀበልም።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ብዙ ኤክስቴንሽኖች በምትከፍቱት ገጽ ሁሉ ያለውን መረጃ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የባንካችሁ ገጽም እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከላችሁን ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) አትጫኑ፤ ከብራውዘሩ ይፋዊ መደብር ብቻ አውርዱ፤ የማትጠቀሙበትን አጥፉ።

ያልገባችሁ ካለ የስልካችሁን ዓይነትና የብራውዘሩን ስም ጽፋችሁ ጠይቁኝ።