ነፃ ፊልም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ካሴት ተከራይቶ ማምሻውን ማየት፣ በማግሥቱ መመለስ፣ ከዘገየም ቅጣት መክፈል በአዲስ አበባ የቪዲዮ ቤቶች የታወቀ ደንብ ነበር። በአሜሪካም ገበያው የሚሠራው ከዚህ ባልራቀ መንገድ ነበር። ካሴቱን ዲስክ ተካው፤ ዲስኩን ደግሞ በየወሩ እየተከፈለበት በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም ከገበያ አስወጣው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ነጋዴ ብቅ ብሏል። ኪራይ አይጠይቅም፣ ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ አንዳንዱማ የደንበኛውን ስም እንኳ ሳይመዘግብ በሩን ከፍቶ ያስገባል።

ሸማቹ ወደዚህ የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትፍሊክስ ያለ ማስታወቂያ የሚያቀርበውን መደበኛ አገልግሎት በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ወደ 17.99 ዶላር አሳድጎታል (የውጭዎቹን ፊልሞችና ኩባንያዎች የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዋጋ ሦስት የያዘ ቤተሰብ በወር ከ50 ዶላር በላይ ይከፍላል።

ከነፃዎቹ መካከል ስሙ የገነነው ቱቢ ነው። በ2014 በሳን ፍራንሲስኮ ሥራ ጀመረ፤ በ2020 ፎክስ በ440 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቫያኮም የተባለው ኩባንያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ፕሉቶ ቲቪን በ340 ሚሊዮን ዶላር ወስዶታል። በፌብሩዋሪ 2025 ፎክስ የአሜሪካን እግር ኳስ የፍጻሜ ግጥሚያ ሱፐር ቦውልን በቱቢ በነፃ ሲያስተላልፍ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በዚያ በኩል ተመልክቷል። በነፃ የሚታደል ዕቃ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ፣ ሒሳቡ በሌላ በር ይገባል ማለት ነው።

በሩ ማስታወቂያ ነው። ፊልሙ መሐል ላይ ይቆምና የመኪና፣ የመድኃኒት ወይም የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። አስተዋዋቂው የከፈለውን አገልግሎቱ ይቀበላል፤ ለፊልሙ ባለቤት ወይ ከገቢው ድርሻ ይሰጠዋል፣ ወይ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ ይከፍለዋል። ስለዚህም በእነዚህ መደርደሪያዎች ላይ የሚበዛው በሲኒማ ቤት ትልቁን ገንዘቡን ሠርቶ የጨረሰ ፊልም ነው፤ የዛሬ አሥርና ሃያ ዓመት ስም የነበረው የድብድብ፣ የሚያስፈራ ወይም የቀልድ ፊልም። ውሉም የጊዜ ገደብ አለው። በዚህ ወር የታየ ፊልም በሚቀጥለው ወር ከመደርደሪያው ሊጠፋ ይችላል። «ዛሬ በነፃ የሚታዩ ፊልሞች» ተብሎ የሚወጣ ዝርዝር ቶሎ የሚያረጀው ለዚህ ነው።

ከመደርደሪያው የማይወርዱ ግን አሉ። ባለቤት የሌላቸው ናቸው። ከሁሉም የሚታወቀው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ሲሆን፣ በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ በፒትስበርግ አካባቢ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሙታን ተነሥተው ሰው ሲበሉ፣ ጥቂት ሰዎች አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ በራቸውን በሳንቃ ቸንክረው ያድራሉ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዱዋን ጆንስ ጥቁር ሲሆን፣ በዘመኑ ይህ በአሜሪካ ፊልም እምብዛም የማይታይ ነገር ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው የዞምቢ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ሁሉ የዚህ ፊልም ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ሮሜሮና ባልደረቦቹ ከዚህ ሁሉ ያገኙት ምንድን ነው? በጊዜው የአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የሚያገኘው ፊልሙ ላይ የመብት ምልክት ያለበት ብቻ ነው ይል ነበር። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው፤ ምልክቱም ከዚያ ስም ሥር ተጽፏል። አከፋፋዩ ስሙን ሲለውጥ ምልክቱ አብሮ ወጣ፤ በአዲሱ ላይ ማንም መልሶ አልጻፈውም። በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ፊልሙ የማንም ሆነ። የፈለገ አባዛው፣ የፈለገ ሸጠው፣ የፈለገ በቴሌቪዥን አሳየው፤ ለሠሪዎቹ የመክፈል ግዴታ የነበረበት ግን አልነበረም። ሮሜሮ በ2017 ሞተ። ፊልሙ ታድሶ በጥራት ለገበያ የቀረበው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2018 ነው። ነፃ የሆነው ቅጂ በሞላበት ገበያ ውስጥ ገዢ የሚገኘው ለምስሉ ጥራት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት የደረሰው በድሃ ፊልም ሠሪ ላይ ብቻ እንዳይመስል። ኬሪ ግራንትና ኦድሪ ሄፕበርን በፓሪስ ከሌቦች ጋር ሲተላለቁ የሚያሳየው የ1963ቱ «ሻሬድ» የዩኒቨርሳል ፊልም ነው። በመግቢያው ላይ ዓመቱ ተጽፏል፣ የኩባንያዎቹ ስም ተጽፏል፣ መብቱ በሙሉ የተጠበቀ መሆኑም ተጽፏል። «የቅጂ መብት» የሚለው ቃል ወይም ምልክቱ ብቻ ተረሳ። ጠበቃ የሞላበት ኩባንያ ይህን ማለፉ የሚያስገርም ነው። አሁን ፊልሙን ማንም ያሳየዋል። የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ፊልም ለሚፈልግ ተመልካች ከነፃዎቹ ሁሉ ቀድሞ ሊመረጥ የሚገባው እሱ ነው።

የነፃን ዋጋ በደንብ የሚያሳየው ግን የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው። በ1946 ሲወጣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በሲኒማ ቤት ከስሯል። በ1974 መብቱ መታደስ ሲገባው ሳይታደስ ቀረ። ክፍያ መጠየቁ የቀረላቸው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየገናው ደጋግመው አሳዩት፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው የበዓል ፊልም ሆነ። በሲኒማ ያልተሸጠውን ፊልም ነፃነቱ ሸጠው። ከዚያ ነጋዴው ነቃ። ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ፊልሙ የተሠራበት አጭር ልብ ወለድና በውስጡ ያለው ሙዚቃ መብታቸው በእጁ እንዳለ ገልጾ በ1993 ጣቢያዎቹን አስቆመ። በዓመቱ የማሳየት መብቱ ለኤንቢሲ ጣቢያ ተሸጠ። ሃያ ዓመት ያህል በነፃ የታየው፣ ሳይታሰብ ለኩባንያው ማስታወቂያ ሆኖለት ነበር ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሌላ በዕድሜ ነፃ የሚወጡ አሉ። በአሜሪካ የኩባንያ ፊልም መብት 95 ዓመት ከሞላው በኋላ በየጃንዋሪ 1 ይለቀቃል። የ1926ቱ የባስተር ኪተን «ዘ ጀነራል» ድምፅ የለውም፤ ባቡር የሚነዳው ሰው የሚሠራውን ግን ሕፃንም ሽማግሌም እኩል ይስቅበታል። የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» በ1922 ሲሠራ የ«ድራኩላ»ን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ በመውሰዱ የደራሲው ሚስት ከሰው፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወስኖ ነበር። ከመጥፋት የተረፉት ቅጂዎች ዛሬ በየነፃው አገልግሎት ይታያሉ።

የነፃ ፊልም ንግድ ራሱ ግን አስተማማኝ አይደለም። ክራክል የተባለውን ነፃ አገልግሎት የያዘው ኩባንያ በ2022 የዲስክ አከራዩን ሬድቦክስን ከነዕዳው ጠቅልሎ፣ በ2024 የኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቷል። አማዞንም «ፍሪቪ» ያለውን ነፃ አገልግሎት ለብቻው ማቆየቱን ትቶ ከዋናው ጋር ቀላቅሎታል። ማስታወቂያ ለሰለቸው፣ በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ በቤተ መጻሕፍት ካርድ የሚታየው ካኖፒ አለ፤ በዚያ ደግሞ ከፋዩ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። በ2019 የኒውዮርክ፣ የብሩክሊንና የኩዊንስ ቤተ መጻሕፍት ወጪው አልቻል ብሏቸው አቋርጠውት ነበር።

ይኸው ሒሳብ የአማርኛ ፊልም ገበያ ውስጥም ገብቷል። ሲኒማ ቤት ሰንብቶ በቪሲዲ ሲወጣ ወዲያው ይባዛ የነበረው ፊልም፣ አሁን መጨረሻው ዩትዩብ ነው። ሙሉ ፊልሙ ይጫናል፤ በመሐል ማስታወቂያ ይገባል፤ ዩትዩብ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። የማስታወቂያው ዋጋ ግን ተመልካቹ ባለበት አገር ይለያያል። ያው ፊልም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሲታይ የሚያስገኘው፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲታይ ከሚያስገኘው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በአገር ቤት ለአገር ቤት ተመልካች የተሠራ ፊልም ገንዘቡን የሚጠብቀው ከውጭ ነው። ሕጉን በተመለከተ የአማርኛ ፊልም ሠሪ ከሮሜሮ ይሻላል፤ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 መብቱ ሥራው ሲፈጠር የሚገኝ እንጂ ምልክት በመጻፍ የሚመጣ አይደለም ይላል። ችግሩ ፊልሙን ሌላ ሰው በራሱ ቻናል ሲጭነው ነው፤ የዕይታውን ገንዘብ የሚሰበስበው ባለቤቱ ቀርቶ ጫኙ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ለዩትዩብ አመልክቶ እስኪያስወርደው ድረስ ደግሞ ሰው አይቶ ይጨርሰዋል።

ቱቢ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ሲሠራ፣ አዲስ አበባ ያለው ተመልካች ደጅ አልደረሰም። ለእሱ የቀሩት ዩትዩብና አሮጌ ፊልሞችን ያለ ማስታወቂያ የሚያቀርበው ኢንተርኔት አርካይቭ ናቸው፤ በዚያም ቢሆን ዳታው ከኪሱ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገምተው አንድ ሰዓት ፊልም በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። በዚህ ስሌት 96 ደቂቃ የሚፈጀው የሮሜሮ ፊልም በከፍተኛ ጥራት ወደ 5 ጊጋባይት ሲጠጋ፣ ጥራቱ ዝቅ ከተደረገ 1.6 ይበቃዋል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነና የሚገኘውም ቅጂ አሮጌ ስለሆነ፣ ጥራቱን ዝቅ ያደረገ ተመልካች ብዙ አይጎድልበትም።