ጆሮ በክብሪት እንጨት አይጎረጎርም

ካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ አቧራው ጆሮ ድረስ እንደሚዘልቅ ታውቁታላችሁ። ያንን አቧራ ይዞ የሚያስቀረው ኩክ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ስናኝክና ስናወራ መንጋጋችን ሲንቀሳቀስ ቀስ በቀስ በራሱ ይወጣል። ክብሪት እንጨት፣ የፀጉር ሽቦ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ግን ወደ ውስጥ ገፍተው ይጠቀጥቁታል። ያኔ ጆሮ ይደፈናል።

ከተደፈነ አለስልሱት። የተደፈነውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጋችሁ በጎን ተኙ፤ የወይራ ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ ጨምሩና 5 ደቂቃ ያህል ቆዩ። በቀን 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ዘይቱን ለቡና ባቀጣጠላችሁት ከሰል ላይ እንዳታሞቁት፣ አደራ! ጠርሙሱን መዳፋችሁ ውስጥ ትንሽ መያዝ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ድፍንነቱ ቢብስ አትደንግጡ፤ ኩኩ እየራሰ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሳይነኩት ይወጣል።

ጆሮው የሚያመው፣ መግል ወይም ደም የሚወጣው፣ ታምቡሩ የተበሳ ሰው አንድም ጠብታ አይጨምር። መስማት ድንገት የተሳነው ሰው ደግሞ ሳያድር ሐኪም ይየው።