የቆየ ዜማ በፊልም ሲገባ ሁለት ፈቃድ ይጠየቅበታል

እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ ያዘጋጀው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ላይ «ግራን ፕሪ» የተባለውን ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ ቢል መሬይ የሚጫወተው ሰው ረዥሙን መንገድ ብቻውን ሲጓዝ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠውን ሙዚቃ ያዳምጣል። ይኸውም ሙዚቃ «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» የተባሉት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች የሚገኙበት ነው። ከተቀረጹ ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ዜማዎች በዚህ ምክንያት ለአዲስ አድማጭ ደረሱ።

እንዲህ ያለው ዕድል ለሌሎችም ሊደርስ ይችላል፤ ዳሩ ግን መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ዜማ በፊልም እንዲገባ ሁለት ፈቃድ ይጠየቃል። አንደኛው የድርሰቱ ሲሆን ባለቤቱ ዜማውንና ግጥሙን የደረሰው ሰው ወይም ወራሹ ነው። ሁለተኛው በሸክላ ላይ የተቀረጸው ድምፅ ሲሆን ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀረጸው ነጋዴ ነው። የድርሰቱ ባለቤት ፈቅዶ የሸክላው ባለቤት እንቢ ቢል፣ ፊልም ሠሪው ዜማውን በሌላ ተጫዋች እንደገና ማስቀረጽ ይችላል። የድርሰቱ ባለቤት እንቢ ካለ ግን ነገሩ በዚያው ይቀራል። ዋጋውም የሚቆረጠው ዜማው በሚሰማበት ጊዜ ርዝመት፣ በሚገባበት ስፍራ፣ ፊልሙ በሚታይባቸው አገሮችና በውሉ ዘመን መጠን ነው።

በአገራችን የሸክላ ንግድ ታሪክ ችግሩ ከዚህ ላይ ይነሣል። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ድፍረት ማሳተም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በዚያ ዘመን የተፈጸመው ስምምነት በቃል ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ፈቃድ ጠያቂ ሲመጣ ፈራሚው ማን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። ፊልም ሠሪውም ክርክር ያለበትን ዜማ ትቶ ወደ ሌላው ያልፋል።

የዘመኑም ስሌት ሁለት ዓይነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የሸክላ አሳታሚው መብት ግን ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ የሸክላው ዘመን አልቆ የደራሲው መብት ጸንቶ ሊኖር ይችላል። የውጭ አገር ሕግ የሚቈጥረው ዘመን ደግሞ ሌላ ስለሆነ፣ ፊልሙ የሚታይበት አገር ሕግ አስቀድሞ መታየት አለበት።

እንግዲህ አሮጌ ሸክላ በእጁ ያለ ነጋዴ የደራሲውን፣ የተጫዋቹንና የአሳታሚውን ስም ከነዓመተ ምሕረቱ መዝግቦ ይያዝ። የደራሲው ልጆችም የወራሽነት ማስረጃቸውን ገዢ ሳይመጣ ያውጡ። መዝገብ ያዥ የሆነ ሹምም እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንደ ርስት ክርክር አክብሮ ይመልከተው። ዜማ የደረሰ ሰው ለልጆቹ ያወረሰው ሀብት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።